እምነትሽ አልጠፋም፤ እንቅልፍሽ ነው የጠፋው

እትዬ፣

ደብረ ማርቆስ የምኖር የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴ እህል ይነግዳል። የዘጠኝና የስድስት ዓመት ወንዶች ልጆች አሉን፤ ትንሿ ሴት ልጃችን ደግሞ ገና ዘጠኝ ወሯ ነው። አማቴ ካቻምና ከደብረ ኤልያስ መጥተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ።

ያደግሁት በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። በጽጌ ሰሞን ማኅሌት ቆመን ስናድር ድካም የሚባል አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሣች ወዲህ አንድ ቅዳሴ እንኳን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አላስቀደስኩም። ዳዊት ይዤ ስቀመጥ ገጹ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። አንዳንድ ማታ «አባታችን ሆይ»ን ጀምሬ ሳልጨርሰው ይነጋል።

አማቴ ሌሊት ተነሥተው ይጸልያሉ፤ ኪዳን አያመልጣቸውም። ሰሞኑን ለጎረቤት ሲናገሩ ሰማኋቸው፤ «ይህ ቤት ሥዕል እንጂ ጸሎት የለውም» አሉ። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። እሑድ ጋቢውን ደርቦ እናቱን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ እኔ ሲመለሱ ቁርስ እንዲደርስ እቤት እቀራለሁ። መንገድ በሚዘጋበት ቀን ደግሞ ከገበያ እስኪመለስ ልቤ አያርፍም።

በዚህ ሁሉ ላይ የኅዳር ሚካኤል የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእኛ ነው። ያለፈው ተረኛ በግ አርዶ፣ ዶሮ ሠርቶ ነው ማኅበርተኛውን ያበላው። እኔ ከአሁኑ የጥንስሱ፣ የዳቦው፣ የወጡ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሳላስበው እንባዬ ይወርዳል። ለነፍስ አባቴም እንዳልነግር አፈርኩ። እምነቴ ጠፋ ማለት ነው?

ደክሞኛል፣ ከደብረ ማርቆስ

*

«ደክሞኛል» ብለሽ የፈረምሽው እኅቴ፣

እንኳን ጻፍሽልኝ። ጥያቄሽን ከመመለሴ በፊት በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ፈለግሁ፤ የምትተኚበትን ሰዓት። አላገኘሁትም። ሊጡ ይቦካል፣ ልጆቹ ለትምህርት ይሰናዳሉ፣ አንቺም ክፍል ገብተሽ ታስተምሪያለሽ፣ ማታ ደብተር ታርሚያለሽ፣ ሌሊት ሕፃኗ ትነሣለች። ይህን ደምሬ ሳየው፣ ዳዊት ላይ ለምን እንደምታንቀላፊ ለማወቅ ሊቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እምነቷ የጠፋባት ሴት ዳዊት ይዛ አትቀመጥም፤ ቅዳሴ ቀረብኝ ብላም አትብሰከሰክም። ያንቺ እምነት አለ፤ የጠፋው እንቅልፍሽ ነው።

ለማጽናናት ብዬ ብቻ አይደለም። አማትሽ የመጡባት ደብር በስሙ የምትጠራለትን ነቢይ አስቢው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞቱን ለመነ። ያን ጊዜ የመጣለት መልአክ አልገሠጸውም፤ ጸሎትህን አጓደልህ አላለውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ የደረሰው ከዚያ ወዲያ ነው። እግዚአብሔር ያን የመሰለ ነቢይ አስቀድሞ በምግብና በእንቅልፍ ካነሣው፣ የሦስት ልጆች እናት እንቅልፍ ስለወሰዳት ይቆጣል ብዬ እኔ አላምንም።

አሁን ወደ አማትሽ ቃል ልምጣ። እንደሚያም አውቃለሁ። ደግሞም ፊት ለፊት ሳይሆን ለጎረቤት መነገሩ ይብሳል። ግን እርሳቸው የመጡበትን አገር እናንሣው። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ እየተባለ ሲቆጠር፣ ጎጃም ከየአውራጃው ተማሪ ሲጎርፍበት የኖረ ምድር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከእነዚህ አድባራት በአንዳንዶቹ ተምረዋል። ያ ሁሉ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ በበትር እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ ይዛ በር ላይ የምትወጣው ማን ነበረች? የቤቱ እመቤት ናት። እርሷ ቅኔ ቤት አልገባችም፤ ዳዊትም አልደገመች ይሆናል። ነገር ግን የእርሷ ሊጥ ባይቦካ ጉባኤው ይፈታ ነበር። መምህራኑ ስማቸው ሲነሣ ይኖራል፤ የእርሷን ስም የጻፈ የለም። ቢሆንም የጎጃም ሊቃውንት የበሉት እንጀራ የእርሷ ነው።

አማትሽም በወጣትነታቸው ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ሳይሆኑ አይቀሩም። ስለዚህ አንድ ማታ ቡና አፍልተሽ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ «እማማ፣ እርስዎ በእኔ ዕድሜ ሳሉ፣ ሕፃን ጡት ላይ እያለ፣ ጸሎቱን እንዴት ያደርሱት ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ነገር ለመመለስ እንዳይመስልብሽ፤ ለማወቅ ጠይቂ። የሌሊት ጸሎትና ኪዳን የብዙ ሴቶች ዕድል የሚሆነው ልጅ ካደገና ምራት ከገባች በኋላ ነው። ይህን ከአንቺ ከሚሰሙት ራሳቸው ቢያስታውሱት ይሻላል።

ከዚያ አደራ ስጫቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት የልጁን እምነት ሲያነሣ አስቀድሞ አያቱን ሎይድን፣ ከዚያም እናቱን ኤውንቄን ይጠራል። አያት ቀደመች። ወንዶቹ ልጆች ማታ ማታ «አባታችን ሆይ»ንና የቅዱሳኑን ታሪክ ከአያታቸው ይማሩ። እርሳቸው በዚህ ቤት ጸሎት የሚጎድል ከመሰላቸው፣ የሚሞላው በእርሳቸው እጅ መሆኑን ያያሉ። አንቺም በዚያ ግማሽ ሰዓት ጋደም ትያለሽ።

ስለ ባለቤትሽ «ጥሩ ሰው ነው» ብለሻል፤ አምንሻለሁ። ጥሩ ሰው ከሆነ ይነገረዋል። እሑድ ጠዋት እርሱ የሚያስቀድሰው ያንቺ ቅዳሴ እየቀረ ነው። ይህን አስቦት አያውቅ ይሆናል፤ ሲያድግ ያየው ይህንኑ ነውና። ቅዳሜ ማታ፣ ሳትቆጪና ሳታለቅሺ፣ እንዲህ በይው፦ «አንድ እሑድ አንተ ታስቀድሳለህ፣ አንድ እሑድ እኔ። እኔ በምሄድበት ቀን ልጆቹ ከአንተ ጋር ናቸው፤ ቁርሱ የቅዳሜው ወጥ ነው።» ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግሽም። ወጥ ቢደገም ማንም አይታመምም። በሥርዓቱ ቅዳሴ ሳይጀመር ተገብቶ ሳይፈጸም አይወጣም፤ አንቺም የናፈቀሽ ይኸው ነው። በየእሑዱ በር ላይ ቆሞ ልጅ ከማባበል፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ሙሉውን መቆም ይሻልሻል።

ልጂቱንም አትፍሪያት። በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃ ሥጋ ወደሙ የተቀበለች ክርስቲያን ናት፤ ቤተ ክርስቲያኑ የእርሷም ነው። ስታለቅስ ዞር ብሎ የሚገላምጥሽ ሰው ካለ ትዕግሥት ይማርባት። ልጆቹን የምታቆርቢበት ቀን ሲሆን ደግሞ ሁላችሁም አብራችሁ ሂዱ፤ ያን ቀን ቤቱ ይዘጋ።

ማኅበሩን በተመለከተ ግልጽ ልናገር። ጽዋ ማኅበር በቅዱሱ ስም ተሰብስቦ መጸለይ፣ የተቸገረን መጠየቅና መተዛዘን ነው። ለዚህ ዳቦና ጠላ ይበቃል። በጉና ዶሮው በኋላ የመጣ ፉክክር ነው፤ የፉክክሩን ዕዳ የሚከፍሉት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ስንት ቤት ነው ለማኅበር ተብሎ የተበደረ! ባለቤትሽ ለማኅበሩ መሪ ለሙሴው አስቀድሞ ይንገረው፦ «ቤታችን ሕፃን አለች፤ ዘንድሮ በዳቦና በጠላ፣ በአንድ ዓይነት ወጥ ነው የምናወጣው» ይበል። ይህን የሚናገረው እርሱ ይሁን፤ የማኅበሩ አባል እርሱ ነውና። የማኅበርተኞቹ ሚስቶችም አንዷ ዳቦውን፣ አንዷ ጥንስሱን ይርዱሽ፤ በእነርሱ ተራ አንቺም ትደርሽላቸዋለሽ። ደግሜ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ባነሰ ነገር ካወጣሽ በሚቀጥለው ወር ተራ የደረሳት ሴት በልቧ ትመርቅሻለች። አንድ ሰው ካልጀመረው ፉክክሩ አይቆምም።

ጸሎቱንስ? ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። ይህን አውቀሽ ሰባቱም እንዳመለጡሽ ትቆጥሪያለሽ መሰለኝ። ጡት የምታጠባ መምህርት በገዳም ሰዓት ልትኖር አትችልም። አንድ ጊዜ ያዢና እርሱን አጥብቂ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት ተከፍሎ የተቀመጠ ነው፤ የዕለቱን ብቻ ውሰጂ። አንቺ ሊጥ ስታቦኪ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅሽ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። እርሱ ንባብ ይለማመዳል፣ አንቺ ትሰሚያለሽ፣ ታናሹም ሳያስበው በቃሉ ይይዘዋል። ካልሆነም ምጣዱን ስታሰሚ አማትበሽ «በስመ አብ» ያልሽው ተቆጥሮልሻል። መንገድ በተዘጋ ቀን ባልሽ በር እስኪያንኳኳ «ጠብቅልኝ» እያልሽ የምትቆዪውስ? እርሱ ጸሎት አይደለም ብሎ የነገረሽ ማን ነው? ሌሊት ሙሉ ማኅሌት ከቆመችው ልጅ ይልቅ ዛሬ አንቺ አጥብቀሽ የምትለምኚ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ የምታጪው አልነበረሽምና።

አሁን ቸል እንዳትይው የምለምንሽ ነገር አለ፤ እንባሽ። ከወሊድ በኋላ ባለው ዓመት የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት የሚባል ሕመም አለ። ሳያስቡት ማልቀስ፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ማለት፣ ቀድሞ ደስ በሚል ነገር አለመደሰት፣ «እኔ ለምንም አልረባም» ማለት ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለው ስሜት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብሽ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሄደሽ እንደጻፍሽልኝ አድርገሽ ንገሪያቸው። የደም ማነስም ሰውን እንዲህ ያደክማልና ደምሽን ይዩልሽ። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን አንድ ቀን አትደሪ፤ በዚያው ሰዓት ለባለቤትሽ ነግረሽ ሂጂ። ጠበል መጠመቅ ከፈለግሽ ተጠመቂ፤ ሐኪሙን ግን አያስቀርሽ። ጠበልንና ሕክምናን ሰዎች ያጣሏቸዋል እንጂ እነርሱ አይጣሉም። ይህ ሕመም የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ካህንንም ዲያቆንንም የሚይዝ ሕመም የእምነት ጉድለት እንዳልሆነው ሁሉ።

ለነፍስ አባትሽ ማፈርሽን አልወደድኩትም። ንስሓ አባት የተሰጠን ደህና በሆንን ቀን ጠበል ጠዲቅ ለማቅመስ ብቻ አይደለም። «አባቴ፣ ጸሎት አቃተኝ» ማለት ኃጢአት አይደለም፤ ለካህን ሊነገር ከሚችል ነገር ሁሉ ይህ ከቀላሎቹ ነው። አቅምሽን አይተው የሚያዝዙሽ ነገር ይኖራል፤ ምናልባትም ከምትገምቺው ያነሰ ይሆናል። ባይሆን ቤት ጠርተሽ በባለቤትሽና በአማትሽ ፊት አነጋግሪያቸው። የአማትሽን ቃል ማለዘብና ባልሽን እንዲያስተውል መምከር ከእኔ አምድ ይልቅ ለእርሳቸው ይቀላቸዋል።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሪ። በዚህ ቅዳሜ ለባለቤትሽ የእሑዱን ነገር ንገሪው፤ እርሱ ከተስማማ ቀሪው መንገድ ያገኛል። ካልተስማማ ደግሞ ጻፊልኝ፤ ለእርሱ የምጽፈው አለኝ። ተስማምቶም ቢሆን ከወር በኋላ ጻፊልኝ፤ ደብዳቤሽን ግን ስንት ሰዓት እንደምትተኚ በመንገር ጀምሪው። ስለ ጸሎቱ ከዚያ ወዲያ እንጫወታለን።

እግዚአብሔር ያበርታሽ፤ ልጆችሽንም ያሳድግልሽ።