ኬንያን በውሃዋ መፈለግ

ስም ያልተጻፈበት የአፍሪካ ካርታ ተዘርግቶለት «እስቲ ኬንያን አሳየን» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ጣቱን ከኢትዮጵያ በታች ያሳርፍና ያመነታል። የአገሯ ቅርጽ ብዙም አያግዘውም። ድንበሯ በአብዛኛው በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ደግሞ በአፍሪካ ካርታ ላይ ሞልቷል። ውሃን መነሻ ያደረገ ግን አይስትም።

ጣት ከቀይ ባሕር ይነሳ። ባብ ኤል መንደብን ያልፍና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ይዞ ወደ ምሥራቅ፣ እስከ አፍሪካ ቀንድ ጫፍ እስከ ጓርዳፉይ ይሄዳል። እዚያ ታጥፎ ህንድ ውቅያኖስን በግራው እያደረገ የሶማሊያን ረጅም ዳርቻ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። ኪስማዮ አጠገብ የምድር ወገብን ያቋርጣል። ጥቂት ዝቅ ሲል ራስ ካምቦኒን ያገኛል፤ የኬንያ ባሕር የሚጀምረው እዚህ ነው። ላሙን፣ ማሊንዲንና ሞምባሳን አልፎ ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ቫንጋ ላይ ያልቃል። ከቫንጋ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲሰመር ቪክቶሪያ ሐይቅ፣ ከቪክቶሪያ ወደ ሰሜን ሲወጣ ቱርካና ሐይቅ ይመጣል። ኬንያ ማለት እነዚህን ሦስት ውሃዎች የምትነካው አገር ናት። የመጨረሻው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉም ይቀላል፤ ኦሞን ተከትሎ የወረደ ሰው መድረሻው ቱርካና ነው። የሐይቁ ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከዚሁ ወንዝ ነው።

ቪክቶሪያ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። 68 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን በካርታ ላይ ባሕር ይመስላል፤ ሰማያዊውን ሁሉ የኬንያ አድርጎ የሚቆጥርም አይጠፋም። አብዛኛው የታንዛኒያና የዩጋንዳ ነው። የኬንያ ድርሻ 6 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ዊናም የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ከሐይቁ ወጥቶ እንደ ምላስ ወደ ምሥራቅ ይገባል። የኪሱሙ ከተማ ያለችው በዚያ ምላስ ጫፍ ላይ ነው።

ከውሃ ወደ ውሃ የሚለው ዘዴ ለትምህርት ቤት ፈተና ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ ድንበሩ ራሱ የተሠራው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 እንግሊዝና ጀርመን ምሥራቅ አፍሪካን ሲከፋፈሉ መስመሩን ቫንጋ አጠገብ ካለው ከኡምባ ወንዝ አፍ አስነስተው፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ካለው የደቡብ 1ኛ ዲግሪ ላይ ጣሉት። መሃል ላይ ኪሊማንጃሮ ስለገጠማቸው መስመሩ በሰሜን በኩል ዞሮ ተራራውን ለጀርመን ተወው። ንግሥት ቪክቶሪያ ኪሊማንጃሮን ለዘመዷ የልደት ስጦታ አደረገችው የሚለው ጨዋታ ተረት ነው፤ የሚጣፍጥ ቢሆንም።

ናይሮቢ ከእነዚህ ውሃዎች አንዱንም አትነካም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከአዲስ አበባ ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ የወረደ መስመርም ሁለት ዲግሪ ገደማ በስተምሥራቋ ያልፋታል። የተቆረቆረችው ግን በውሃ ምክንያት ነው። እንግሊዞች ሞምባሳን ከቪክቶሪያ ጋር በባቡር ለማገናኘት በ1896 ሥራ ጀመሩ። በ1899 ሐዲዱ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ወደ ስምጥ ሸለቆው ከሚወስደው አስቸጋሪ ዳገትና ቁልቁለት በፊት ዕቃ የሚከማችበትና ባቡር የሚጠገንበት ሰፈር ተተከለ። ናይሮቢ ያ ሰፈር ናት። ሐዲዱ በ1901 ሐይቁ ጋ ደረሰ። የድሮው ባቡር ጣቢያ ዛሬም መሃል ከተማ፣ በንጉሠ ነገሥታችን ስም በሚጠራው የኃይለ ሥላሴ ጎዳና አጠገብ ይገኛል።

የሚገርመው፣ ሐዲዱ ኪሱሙ ሲገባ ሐይቁ የኬንያ አልነበረም። ከናይቫሻ ጀምሮ ያለው ምዕራቡ ምድር በዩጋንዳ ሥር ነበር፤ የባቡሩም ስም «የዩጋንዳ ባቡር» ነው። ወደዛሬዋ ኬንያ የተዛወረው በ1902 ነው። የቱርካና ምዕራባዊ ዳርቻ ደግሞ ከዩጋንዳ የተወሰደው በ1926 ነው። በባሕሩ በኩል የሆነው ተቃራኒው ነው፦ በ1925 እንግሊዝ ኪስማዮን ጨምሮ ጁባላንድን ለጣሊያን ስትሰጥ የባሕር ዳርቻው አጠረ። ከሞምባሳ ግራና ቀኝ ያለው 16 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መሬትም ቢሆን በወረቀት የዛንዚባር ሱልጣን ግዛት ነበር፤ ኬንያ ሙሉ በሙሉ የተረከበችው በ1963፣ ነጻ በወጣችበት ዓመት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ አውሮፓ ውስጥ የታተመ ካርታ በእጁ የገባ ሰው ሦስቱን ውሃዎች ይዞ ኬንያን ቢፈልግ አያገኛትም።

ድንበሩ ዳርቻው ላይም አያበቃም፤ ውሃው ውስጥ ይቀጥላል። ሶማሊያ በ2014 ጉዳዩን ወደ ሄግ፣ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ወሰደችው። ኬንያ ከራስ ካምቦኒ አካባቢ ወደ ምሥራቅ የኬክሮስ መስመርን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሂድ አለች፤ ሶማሊያ ደግሞ ከሁለቱም ዳርቻ እኩል ርቆ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይውረድ አለች። በመሃሉ ያለው ሦስት ማዕዘን ዓሣ ያለበት፣ ነዳጅም የሚጠበቅበት ከ100 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ ነው። ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2021 የወሰነው በአብዛኛው ለሶማሊያ ሐሳብ የቀረበውን መስመር፣ ለኬንያ ጥቂት ፈቀቅ አድርጎ ነበር። ናይሮቢ ውሳኔውን አልቀበልም አለች። ስለዚህ የኬንያን የባሕር ወሰን የሚያሳይ ካርታ ሲገዙ የታተመበትን ዓመትና አሳታሚውን ማየት አይከፋም።

ከዚሁ መስመር ብዙም ሳይርቅ ላሙ አለች። መጋቢት 2012 ላይ የኬንያው ምዋይ ኪባኪ፣ የኢትዮጵያው መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር እዚያ ተገናኝተው ሦስቱን አገሮች የሚያገናኝ የወደብና የመንገድ ፕሮጀክት አስጀመሩ፤ የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያም በ2021 ሥራ ጀመረ። ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የሌላትን ኢትዮጵያን በዚህ ዘዴ ለማግኘት የሚሞክር ሰው ጣቱን ከላሙ አንስቶ በጋሪሳና በኢሲኦሎ በኩል ወደ ሞያሌ ቢመራው ይደርሳል።