በውርጭ በረጋ ጭቃ የተያዘን መኪና ስለ ማውጣት

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ የሰነቲን አምባ አቋርጦ ያልፋል። አምባው ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ በላዩ የሚታየውም የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከሐረና ደን ቡና የሚያስጭኑ ነጋዴዎች ይህን መንገድ ያውቁታል። በበጋ ወራት፥ ይልቁንም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፥ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ፤ ቀን ጭቃ የነበረው ሥፍራ ሌሊት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በኩሬዎቹም ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል። ለሌላ መኪና መንገድ ለመልቀቅ ሲል ወደ ዳር ወጣ ያለ ሾፌር በዚህ ዐይነቱ ሥፍራ ቢያዝ፤ አወጣጡ በክረምት ዋልካ ላይ ከለመድነው የተለየ ስለሆነ፤ ባለ መኪናውም ሾፌሩም ሊያውቀው የሚገባውን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ጭቃው ምን ያህል እንደሚይዝ መገመት ያስፈልጋል። በዚህ ሥራ የሠለጠኑ ወታደሮች የሚጠቀሙበት ግምት እንዲህ ነው፤ ጭቃው ጎማውን ብቻ የዋጠ እንደሆነ ለመሳብ የሚያስፈልገው ኀይል ከመኪናው ክብደት ጋር እኩል ነው፤ እስከ ፓራፋንጎው የደረሰ እንደሆነ ሁለት እጥፍ፤ እስከ ጋቢናው የደረሰ እንደሆነ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና እስከ ፓራፋንጎው ቢሰምጥ የ6,000 ኪሎ ስበት ይፈልጋል ማለት ነው። ይህም ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ከረጋ በኋላ ጎማውና መሬቱ እንደ አንድ አካል ስለሚሆኑ ሒሳቡ አይሠራም። ሞተሩም በዚያ ከፍታ ደካማ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኀይሉ ሲሶውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያጣል።

መኪናው ከቀትር በኋላ የተያዘ እንደሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ሰዓት መመልከት ይገባል። በቂ ብርሃን ካለ ጭነቱን አራግፎ፥ በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ያለውን ጭቃ በአካፋ ጠርጎ፥ የጎማዎቹን ነፋስ ከ35 ወደ 18 ፓውንድ ዝቅ አድርጎ፥ በአራቱም ጎማ እየነዱ ቀስ ብሎ መሞከር ነው። ጎማው በቦታው የተሽከረከረ እንደሆነ ግን እግርን ወዲያው ከነዳጁ ላይ ማንሣት ይገባል፤ እያንዳንዱ ዙር ጉድጓዱን ያጠልቃልና። በከተማ ተቀምጦ በስልክ «ጭነቱን ሳታወርድ ውጣ» የሚል ነጋዴ አይታጣም። ይህ ሰው ሒሳቡን አላሰበውም፤ ጥቂት ኩንታል ቡና ለማውረድና መልሶ ለመጫን የሚወጣው የወዛደር ዋጋ ከአንድ የተሰበረ ሰሚያስ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከመምሸቱ በፊት እንደማይወጣ የታወቀ እንደሆነ ሙከራውን ትቶ ለሌሊቱ መዘጋጀት ይሻላል። ከክሪኩ ሥር ሰፊ ጣውላ አድርጎ ጎማዎቹን በየተራ ማንሣትና ከሥራቸው ድንጋይ ወይም ጣውላ ማስገባት ነው፤ ጎማው ከጭቃው በላይ ካደረ መሬቱ አይዘውም። እርጥብ ፍሬን ሌሊት ከታምቡሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚረጋ የእጅ ፍሬኑን ለቅቆ፤ በምትኩ ማርሽ አስገብቶ ጎማውን በድንጋይ መደገፍ ያስፈልጋል። ከቆላ የመጣ መኪና በራዲያተሩ ተራ ውሃ ይዞ ሊሆን ይችላል። ውሃ ሲረጋ መጠኑ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ስለሚጨምር ሞተር ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ አንቲፍሪዝ ያልገባበት እንደሆነ ከራዲያተሩም ከሞተሩም ውሃውን ማፍሰስ ግዴታ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የሰው ሕይወት ነው። ብርዱ የጸናበት ሾፌርና ረዳቱ ሞተሩን አስነሥተው በጋቢናው ውስጥ ለመተኛት ይፈተናሉ። የጭስ መውጫው በጭቃ ወይም በውሃ ተደፍኖ ሳለ ይህን ማድረግ ይገድላል፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው የተኛውን ሰው አያስነቃውም። ለአንድ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ በመኪናው ውስጥ እንዲኖር ማድረግ የባለ መኪናው ፈንታ ነው።

ሲነጋ ብዙ ሾፌሮች ፀሐይ እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። በእኛ አስተያየት ይህ ጠቃሚውን ሰዓት ማባከን ነው። ንጋት ላይ መሬቱ ጠንካራ ስለሆነ መኪና ይሸከማል፤ ፀሐዩ ከፍ ሲል ግን ላዩ ሟምቶ ታቹ እንደ ረጋ ስለሚቀር እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ስለዚህ በማለዳ ተነሥቶ በየጎማው ዙሪያ የረጋውን ጭቃ በዶማ፥ ጎማውን ሳይነኩ፥ መፈልፈል፤ ከፊት ያለውን በረዶም ቀድሞ መስበር ያስፈልጋል፤ የበረዶው ስለት የጎማውን ጎን ሊቈርጥ ይችላልና። ከመኪናው ሥር እሳት ማንደድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አራቱም ጎማዎች መላቀቃቸው ሳይረጋገጥ መጎተት ሰሚያስ ወይም ዲፈረንሻል ይሰብራል።

በሌላ መኪና ወይም በዊንች የሚጎተት እንደሆነ ገመዱ በሻንሲው ላይ ባለው መጎተቻ እንጂ በመከላከያው ወይም በተሳቢ መያዣው ኳስ ላይ አይታሰርም፤ ኳሱ ተነቅሎ እንደ ጥይት የሚወረወርበት ጊዜ አለ። በተወጠረ የሽቦ ገመድ መካከል እርጥብ ብርድ ልብስ ይጣልበታል፤ ከገመዱ ርዝመት ባነሰ ርቀትም ማንም አይቁም።

ከጎማ ሥር የሚነጠፍ እንጨት በአምባው ላይ የለም ማለት ይቻላል። ጅብራውን ቈርጦ ማንጠፍ ነውርም ጥፋትም ነው፤ ሥፍራው በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነውና። ሁለት ወፍራም ጣውላ ከጎባ ይዞ መነሣት ነው።

መኪናው ከወጣ በኋላ ጎማዎቹን መልሶ መንፋት፥ ቀንሶ የነበረውን የራዲያተር ውሃ መሙላት፥ የዲፈረንሻሉንም ዘይት መመልከት ይገባል፤ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ የተገኘ እንደሆነ ውሃ ገብቶበታልና ይለወጥ። ከአምባው ጫፍ ወደ ሐረና የሚወስደው ቍልቍለት ከባድ ስለሆነ፤ ሾፌሩ ገና በሜዳው ሳለ ፍሬኑን ደጋግሞ በቀስታ እየረገጠ አድርቆ፥ መያዙንም አረጋግጦ ይውረድ።