የበረንዳ መስታወት ሲሰበር ከፋዩ ማን ነው?

ነፋስ መውጫ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የላይ ጋይንት ከተማ ናት። የአየሯን ጠባይ ስሟ ይናገረዋል። በዚህች ከተማ፣ ወይም በጎረቤቶቿ በአርብ ገበያ፣ በስማዳዋ ወገዳና በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ለመሥራት የተነሣ ነጋዴ በረንዳውን በብረት ወይስ በመስታወት ልከልለው ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ መጀመሪያ የሚያሳስበው ነፋሱ ነው። ቀጥሎ ዋጋው ይመጣል። ከሁለቱም የሚከብደው ግን ሦስተኛው ጥያቄ ነው። መስታወቱ ቢሰበር ማን ላይ ይወድቃል? ካሳውንስ ማን ይከፍላል?

ሕጉ የሚያየው ባለቤቱን ነው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ምንም ጥፋት ባይኖርበት፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። «ያስገጠምኩት በባለሙያ ነው» የሚለው መልስ ተጎጂውን አይመልስም። ባለቤቱ ከፍሎ ካበቃ በኋላ ግን ሕንፃውን የሠራውን ወይም ጥፋት የፈጸመውን ሰው መልሶ መጠየቅ ይችላል። አንቀጽ 2080 ደግሞ ከሕንፃ ላይ በሚወድቅ ዕቃ ለሚደርስ ጉዳት በሕንፃው የሚኖርበትን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። ከበረንዳ ላይ የወደቀ የአበባ ማሰሮ የተከራዩ ዕዳ ሊሆን ይችላል፤ ከወለሉ ጋር የታሰረ መስታወት ግን የሕንፃው አካል ስለሆነ ጥያቄው ወደ ባለቤቱ ያመራል።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲወጣ 10,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የተደነገገ ሲሆን፣ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። የሕዝብ መገልገያዎችና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሕንፃዎች የተመደቡት ጥብቅ ቁጥጥር በሚጠይቀው በምድብ «ሐ» ነው። አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው በሥራ ላይ ያለውን አዋጅና መመሪያ ፕላን ከማሠራቱ በፊት ከከተማው የሕንፃ ሹም ዘንድ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ሦስት ዓይነት መስታወት

በገበያው «መስታወት» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ዕቃ በአሰባበሩ ሦስት ዓይነት ነው። ተራው መስታወት ሲሰበር እንደ ቢላ የሾለ ስባሪ ይሆናል፤ ለበረንዳ መከለያ ጨርሶ አይመከርም።

ሁለተኛው ቴምፐርድ የሚባለው ነው። ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከተሞቀ በኋላ በአየር በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ጥንካሬው ከተራው አራት እጥፍ ገደማ ይደርሳል፤ ሲሰበርም ወደ ጥቃቅን ፍርካሽ ይለወጣል። ችግሩ አንዴ ከተሰነጠቀ ሙሉ በሙሉ መርገፉ ነው፤ ሰው ተደግፎበት ከሆነ ከፊቱ ምንም አይቀርም። በሌላ በኩል፣ ቴምፐርድ ከሆነ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ከትልቅ ከተማ አዝዞ ለሚያስመጣ የጋይንት ነጋዴ የሁለት ሴንቲ ሜትር የልኬት ስሕተት አዲስ ትእዛዝና አዲስ የጭነት ኪራይ ማለት ነው።

ሦስተኛው ላሚኔትድ ነው። ሁለት መስታወቶች በመካከላቸው በገባ የፕላስቲክ ንጣፍ ተጣብቀው የሚሠራ በመሆኑ ሲሰበር ስባሪው በንጣፉ ላይ ተይዞ ይቆያል። የመኪና የፊት መስታወት የዚህ ዓይነት ነው።

ካናዳ ውስጥ በቶሮንቶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 ከረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች በረንዳ ላይ የቴምፐርድ መስታወቶች እየተሰበሩ ወደ መንገድ ወድቀው ነበር። ቴምፐርድ መስታወት ውስጥ ኒኬል ሰልፋይድ የተባለ ቅንጣት ከቀረ ማንም ሳይነካው ከዓመታት በኋላ ሊፈነዳ ይችላል። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በ2012 ደንቡን አሻሽሎ፣ እንደ መስታወቱ አቀማመጥ፣ በሙቀት የተፈተነ ወይም ላሚኔትድ መስታወት እንዲሆን አስገድዷል። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የሕንፃ ኮድም በ2015 እትሙ ከሥሩ ሰው ለሚመላለስበት መከለያ ላሚኔትድ እንዲሆን ጠይቋል።

ነፋሱና ሰዉ በሚዛን

በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን በዚያ ከፍታ 0.9 ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 40 ኪሎ ያህል ነው። 1.10 ሜትር ከፍታና 1 ሜትር ስፋት ባለው መስታወት ላይ ግፊቱ 45 ኪሎ ገደማ ሆኖ በወገቡ ላይ ያርፋል።

የሰው ግፊት ግን የሚያርፈው ከላይኛው ጫፍ ነው። የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃዎች እ.ኤ.አ. በ2015 መሠረት ያደረጉት የአውሮፓ ኮድ ለመኖሪያ ቤት በአንድ ሜትር ርዝመት 50 ኪሎ፣ ለሱቆችና ሕዝብ ለሚገባባቸው ቦታዎች ከ80 እስከ 100 ኪሎ፣ ሰው ለሚጨናነቅባቸው ደግሞ ከ300 ኪሎ በላይ እንዲታሰብ ይመክራል። የጫፍ ግፊት እንደ ምሳር ስለሚሠራ፣ 100 ኪሎው በመስታወቱ ሥር ላይ የሚፈጥረው ጫና ከነፋሱ አራት እጥፍ ይበልጣል። የነፋሱ ግፊት በሕንፃው ጠርዝ እጥፍ ቢሆን እንኳ ሰዉን አይደርስበትም። ሆቴሉን የሚፈትነው የሠርግ ወይም የጥምቀት ዕለት በበረንዳው ላይ የሚደገፈው ሕዝብ ነው።

ያ ሁሉ ጫና የሚያርፈው መስታወቱን ከወለሉ ጋር በያዘው ብሎን ላይ ነው። ብሎኑ በሴራሚክና በሊሾ ውስጥ ብቻ ገብቶ አርማታውን ካልነካ፣ ወይም ከአርማታው ጠርዝ በጣም ከተጠጋ፣ ውድ መስታወት የቆመው በከንቱ ነው።

ውል ከመፈረም በፊት

አንደኛ፣ በውሉ ላይ «መስታወት» ከማለት ይልቅ «ቴምፐርድ ላሚኔትድ» ተብሎ ከነውፍረቱ ይጻፍ። ዕቃው ሲመጣ በማዕዘኑ ላይ የማይለቅ የፋብሪካ ማኅተም፣ በጠርዙ ላይ ደግሞ የንጣፉ መስመር መታየት አለበት።

ሁለተኛ፣ በመስታወቶቹ ላይ የሚያልፍ የእጅ መደገፊያ ብረት ይኑር። ቴምፐርድ ላሚኔትድ ሁለቱም ገጽ ከተሰበረ ሊታጠፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰውን የሚይዘው ብረቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ከፍታው ከ1.10 ሜትር አይነስ፤ በመስታወትና በመስታወት መካከልም 10 ሴንቲ ሜትር ኳስ የሚያሳልፍ ክፍተት አይኑር። ይህ በእንግሊዝ የሚሠራበት የሕፃናት መጠበቂያ ልክ ነው።

አራተኛ፣ መስታወት ብረትን በቀጥታ አይንካ፤ በመካከላቸው ጎማ ይግባ። ቴምፐርድ በጠርዙ ሲመታ ስስ ስለሆነ በጭነትም ጊዜ ጠርዙ ይሸፈን።

አምስተኛ፣ የአሠሪና የኮንትራክተር ውል በጽሑፍ ይሁን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ኮንትራክተሩ ለሥራው ጥራትና ጽናት ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። በቃል የተሠራ በረንዳ ሲወድቅ ግን ማን ምን እንደገጠመ ማስረዳት ያስቸግራል።

በተራና በላሚኔትድ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሕንፃው ሲሠራ አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው። አንቀጽ 2077 ግን ሕንፃው እስከቆመ ድረስ ባለቤቱን ይከተለዋል። መስታወት ሻጩ ዋጋ ሲጠራ ነጋዴው ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው «ሲሰበር ምን ይሆናል?» ብሎ ነው።