አክሰስ ወይስ ትራንክ? የስዊች ፖርት አሠራር

በአንድ ማሠልጠኛ የሬጅስትራር ቢሮና የሠልጣኞች ኮምፒውተር ክፍል በአንድ ስዊች ላይ ተያይዘዋል እንበል። የውጤት መዝገብ ያለበት መሥመር ከመለማመጃው ጋር መቀላቀል የለበትም። ታዲያ ለየክፍሉ ሌላ ስዊች መግዛት ግድ ነውን? አይደለም። አንዱን ስዊች በትእዛዝ ከፋፍሎ እንደ ብዙ ስዊች ማሠራት ይቻላል። እያንዳንዱ ክፋይ ቪላን ይባላል። ሬጅስትራርን ቪላን 10፣ ኮምፒውተር ክፍሉን ቪላን 20 እንበላቸው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እያንዳንዱ ፖርት በምን ሁናቴ ይሥራ የሚለው ነው።

1ኛ/ አክሰስ፦ ኮምፒውተርና ፕሪንተር የሚሰካበት ነው። ፖርቱ የአንድ ቪላን ብቻ ነው። መልእክት ያለ መለያ ይገባል፣ ያለ መለያ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ቪላን መኖሩንም አያውቅ።

2ኛ/ ትራንክ፦ ስዊችን ከስዊች ያገናኛል፤ የብዙ ቪላን መልእክት በአንድ ገመድ ያልፋል። የጣርማ በርን ዋሻ እናስብ። ደብረ ሲና የሚቀረውም፣ ደሴ የሚዘልቀውም አውቶቡስ በዚያው ዋሻ ነው የሚያልፈው፤ መድረሻውን የሚናገረው ታፔላው ነው። ትራንክም በየመልእክቱ ላይ 4 ባይት መለያ ይጨምራል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ደንብ 802.1ኪው ይባላል። የቪላን ቁጥሩ 12 ቢት ስለሆነ ከ1 እስከ 4094 ያሉትን መጠቀም ይቻላል።

ታፔላ የሌለው መልእክትስ? በትራንክ ላይ ኔቲቭ ወደ ተባለው ቪላን ይመደባል፤ ካልቀየሩት ብዙውን ጊዜ ቪላን 1 ነው። በገመዱ ሁለት ጫፍ ኔቲቩ ከተለያየ የአንዱ ክፍል መልእክት ወደ ሌላው ይገባል።

3ኛ/ ዳይናሚክ፦ በብዙ የሲስኮ ስዊቾች ላይ ያለ ሲሆን፣ ፖርቱ ከማዶው ጋር ተነጋግሮ ሁናቴውን ይመርጣል። ምቹ ይመስላል፤ አደጋው ግን እዚሁ ላይ ነው። አንድ ሰው ከኮምፒውተር ክፍሉ ሆኖ ኮምፒውተሩን ስዊች አስመስሎ ትራንክ ቢጠይቅ፣ ፖርቱ እሺ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ቪላን 10 መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

እንግዲህ ደንቡ አጭር ነው። ከገመዱ ማዶ ኮምፒውተር ካለ አክሰስ፣ ስዊች ካለ ትራንክ ብለን ራሳችን እንወስን፤ ለፖርቱ ምርጫ አንተውለት። በትራንኩም የሚያስፈልጉት ቪላኖች ብቻ ይለፉ፤ ሥራ የሌለውን ፖርት እንዝጋ።

መልመጃ፦ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር በስሕተት ትራንክ ፖርት ላይ ቢሰካ፣ የሚልከው መልእክት በየትኛው ቪላን ይገባል? መልሱን ከዚሁ ጽሑፍ ፈልጉ።