ሞልዱ በቤት፣ ሬዚኑ በስሌት

አንጥረኛ ጌጡን በቅድሚያ በሰም ይቀርጻል። ሰሙን በሸክላ ጭቃ ይለብጠውና በእሳት ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በቦታው የቀለጠ ብር ወይም ወርቅ ይፈስሳል። «ሰምና ወርቅ» የተባለው የቅኔ አነጋገርም የሚያያዘው ከዚሁ ሙያ ጋር ነው። የዘዴው ጉድለት ጌጡ የሚወጣው ጭቃው ተሰብሮ መሆኑ ነው፤ ለአንድ ጌጥ አንድ ቅርጽ ማውጫ ይጠፋል።

ሲሊኮን ይህንን ስሌት ይለውጠዋል። ከአንድ ናሙና የተወሰደ የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ፣ በሙያው አጠራር ሞልድ፣ በርካታ የሬዚን ጌጦችንና የቁልፍ መያዣዎችን ያወጣል። በደብረ ብርሃን ወይም በአንኮበር ይህን ሥራ የሚያስብ ሰው ሞልዱን ከቤቱ ሳይወጣ ሊያዘጋጅ ይችላል። ዋናው ጥያቄ ግን ያዋጣል ወይ የሚለው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት ማሸጊያ የሚሸጠው፣ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን ከተመጣጣኝ የበቆሎ ስታርች ጋር በጓንት ይታሻል። ሽታው ስለሚያፍን ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይከናወናል። እንደ ሊጥ ሲሆን ቫዝሊን በስሱ የተቀባ ናሙና ላይ ተጠቅጥቆ ይቀመጣል። ናሙናው እንጨት ከሆነ አስቀድሞ ቫርኒሽ መቀባት አለበት። ሲሊኮኑ ሲጠነክር ናሙናው ይወጣል፤ ሽታው እስኪጠፋ አንድ ቀን ማቆየት ይመረጣል። ሲሊኮን የጣት አሻራን ሳይቀር ስለሚቀዳ የጌጡ ጥራት የሚወሰነው በናሙናው ጥራት ነው።

ኪሳራ የሚመጣው ከሬዚኑ ነው። ሁለቱ ፈሳሾች አምራቹ ባዘዘው መጠን ተለክተው ካልተቀላቀሉ ጌጡ እንደተጣበቀ ይቀራል። ኢፖክሲ ሬዚን በደንብ የሚደርቀው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በመሆኑም ጠርሙሶቹን ከመቀላቀል በፊት ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆየት፣ የፈሰሰውንም ሞቅ ባለ ክፍል በካርቶን ከድኖ ማሳደር ይረዳል። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ለሕይወት አደገኛ ነው።

ለስሌት ያህል 1 ኪሎ ሬዚን 2,250 ብር ይሁን። ባለ 20 ግራም ጌጥ ከሆነ 50 ፍሬ ይወጣዋል። 5 ቢበላሽ የአንዱ የሬዚን ወጪ 50 ብር ነው፤ 20 ቢበላሽ 75 ብር ይደርሳል። 600 ብር የፈጀ ሞልድ 30 ጊዜ ካገለገለ በእያንዳንዱ ጌጥ ላይ የሚጨምረው 20 ብር ብቻ ነው፤ በአምስተኛው ከተቀደደ 120 ብር ይሆናል። ሬዚኑ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዶላር ዋጋ መጨመር በቀጥታ ይነካዋል።

ሌላው ጉዳይ ናሙናው የማን ነው የሚለው ነው። ከሱቅ የተገዛን የሌላ ሰው የጥበብ ሥራ በሞልድ አባዝቶ መሸጥ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሊያስጠይቅ ይችላል። ለገበያም አይበጅም፤ ሁሉም የሚቀዳውን የሚሸጥ ሰው የሚወዳደረው በዋጋ ቅነሳ ብቻ ነው። አካባቢው ግን የራሱ መለያ አለው። የመንዝ በግ፣ የገደሉ ጭላዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ የታወቀችው የአንኮበር ሴሪን ወፍ ለናሙና የሚሆኑ ናቸው። ለእንጨት ጠራቢ ወይም ለሸክላ ሠሪ ተገቢውን ከፍሎ ናሙናውን ማሠራት የሌላ ነጋዴ እቃ የሌለውን መለያ ይሰጣል።

በአንኮበር የጎብኚ ገበያ ብቻ መተማመን ግን አያዛልቅም። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተከሰተው ግጭት የቱሪዝም ገበያ ምን ያህል ተለዋዋጭ እንደሆነ አሳይቷል። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው የአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መደብሮችም መታየት አለባቸው። ስለዚህ ብድር ከመውሰድ በፊት በአንድ ሞልድና በትንሽ ጠርሙስ ሬዚን 10 ፍሬ መሥራት፣ ስንቱ እንደተበላሸ፣ ስንቱስ በስንት ብር እንደተሸጠ መመዝገብ ይበጃል።