«ነገ እንሄዳለን»፦ የሕፃናት እልህና የአዋቂዎች ቃል

በአዊ ዞን ጥር 23 ቀን ታላቅ ቀን ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ፈረሶቻቸውን አስጊጠው እንጅባራ ላይ የሚሰበሰቡበት፣ ጉግሱና ሽቅድድሙ የሚደምቅበት ዕለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዳንግላ ሳለን፣ የአራት ዓመት ልጃችንን ይህን ትዕይንት ልናሳየው ቃል ገባንለት። ቀኑ ሲደርስ ግን የፈተና ወረቀት እርማት ያዘንና ቀረን። ልጁ ይህን በሰማ ጊዜ ደጃፉ ላይ ተዘረረ፤ መሬቱን በእግሩ እየደበደበ እሪ አለ፤ ሊያነሣው የቀረበውን ሁሉ ገፋ። እኛም ለቅሶውን ለማስቆም ስንል «ነገ እንሄዳለን» አልነው። በዓሉ የሚመለሰው ከዓመት በኋላ መሆኑን እያወቅን ነው ይህን ያልነው። ልጁ ጸጥ አለ። በማግስቱ ማለዳ የግራውን ጫማ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ተጫምቶ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀን አገኘነው።

የፊዚክስ መምህር ስለ ሕፃን ለቅሶ ምን አገባው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሆኖም በአገራችን ሕፃናትን የሚያሳድጉት እናትና አባት ብቻ አይደሉም፤ ታናናሾቹን አዝሎና ይዞ የሚውለው ብዙ ጊዜ ተማሪው ነው። ከእናንተ ከአንባቢዎቻችን መካከል ከረሜላ ተከልክሎ ገበያ መሐል የተንከባለለ ታናሽ ወንድም ይዞ ያላፈረ ቢኖር ጥቂት ነው።

ለመሆኑ ሕፃን ያሰበው ሲቀርበት ለምን እንዲህ ይሆናል? ስሜትን የሚገቱት፣ «ቆይ፣ ኋላ» የሚሉት የአንጎል ክፍሎች በዋናነት ከግንባር ጀርባ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ዘግይተው ከሚበስሉት መካከል ናቸው። እድገታቸው እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ይቀጥላል። (ውጤት በተለጠፈ ዕለት ተማሪዎቻችን የሚሆኑትን ስናይ ይህ ግኝት ብዙም አያስደንቀንም።) በሁለትና በሦስት ዓመት ዕድሜ ፍላጎቱ ሙሉ ነው፤ ልጓሙ ግን ገና አልተሠራም። ቋንቋውም የተሰማውን ለመናገር አይበቃውም። ርቦት፣ እንቅልፍ ይዞት ወይም አሞት ከሆነ ደግሞ ያችው ትንሽ አቅም ትሟጠጣለች። መሬት ላይ የተዘረረውን ልጅ ባለጌ ነው ብሎ መፍረድ፣ ገና መራመድ ያልጀመረውን ሰነፍ ነው እንደማለት ነው።

ማይክል ፖቴጋል የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 60 ወር የሆኑ 335 ልጆች የእልህ ለቅሶ እንዴት እንደሚጀምርና እንደሚያልቅ ከወላጆቻቸው አንደበት መዝግበዋል። አብዛኛውን ጊዜ የታየው የቆይታ መጠን ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ነበር፤ ከመቶው 75 የሚሆነው በአምስት ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ አብቅቷል። በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ውስጥ መሬት ላይ የወደቀ ወይም መሬቱን በእግሩ የደበደበ ልጅ ቶሎ የመብረድ ዕድል ነበረው። ለተመልካች እጅግ የከፋ የሚመስለው መውደቅ ምናልባት የፍጻሜው መቃረብ ምልክት ነው ማለት ነው።

የእኛን ዓይን ይበልጥ የሳበው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የድምፅ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በሕፃናት ልብስ ውስጥ አነስተኛ ማይክሮፎን ሰፍተው ለቅሶውን ከነተፈጥሮው ቀረጹ። የድምፁ ሞገድ ሲመረመር እሪታውና ጩኸቱ አንድ ወገን፣ ማልቀሱና መነጫነጩ ሌላ ወገን ሆነው ተገኙ። የመጀመሪያው የቁጣ፣ ሁለተኛው የሐዘን ድምፅ ነው። ቁጣው መጀመሪያ አካባቢ ጣሪያ ነክቶ ይወርዳል፤ ሐዘኑ ግን ከሥር ይቆያል። የተመታ ከበሮ ዳግመኛ እስካልተመታ ድረስ ድምፁ እየከሰመ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ቁጣውም ካልነኩት ይከስማል። «ለምን ታለቅሳለህ? ምን ሆንክ?» እያሉ መጠየቅ፣ መገሠጽና መጮህ ከበሮውን ደጋግሞ መምታት ነው። እንዳይጎዳ ከአጠገቡ ሆኖ ዝም ማለት ይሻላል። እሪታው ወደ ልቅሶ ሲለወጥ፣ ልጁ መጽናናት የሚፈልግበት ሰዓት ደርሷልና ያን ጊዜ እቅፍ ማድረግ ነው።

በእኛ አገር ግን ዝም ማለት ይከብዳል፤ ሰው ያያላ። ስለዚህ ወይ እናስፈራራለን፣ ወይ እንሸነፋለን፣ ወይ እንዋሻለን። «አያ ጅቦ መጣልህ»፣ «መርፌ አስወጋሃለሁ» የተባለ ልጅ ዝም ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ፍርሃትን እንጂ ትዕግሥትን አልተማረም፤ ጤና ጣቢያ በሄደ ቁጥር ደግሞ ዕዳውን ነርሷ ትከፍላለች። መሸነፍም የራሱ ሕግ አለው። ፈርስተርና ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሸለም ባሕርይ ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለመጥፋት ያስቸግራል። ዘጠኝ ጊዜ ከልክለን በዐሥረኛው ከረሜላውን ብንገዛ፣ ልጁ የሚማረው ዐሥር ጊዜ ማልቀስን ነው።

ከሦስቱ ግን ውሸቱን የከፋ አድርገን እናየዋለን። እ.ኤ.አ. በ2013 ሴለስት ኪድና የሥራ ጓደኞቿ በአሜሪካ ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 28 ልጆችን በሁለት ከፈሉ። ለሁሉም የተሻለ የሥዕል ቀለም እንደሚመጣላቸው ተነገራቸው። ለ14ቱ ቃሉ ተጠበቀ፤ ለሌሎቹ 14 «ይቅርታ፣ የለም» ተባለ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ልጅ ፊት አንድ ጣፋጭ ተቀመጠና ሳይበላ ከቆየ ሁለተኛ እንደሚጨመርለት ተነገረው። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ፣ የተታለሉት 3 ደቂቃ ያህል ታገሡ። ዐሥራ አምስቱን ደቂቃ እስከ መጨረሻ የጠበቁት ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ፣ ከኋለኞቹ አንድ ብቻ ነበሩ። የተታለሉት ትዕግሥት አጥተው ነው ብለን አናምንም፤ ሒሳቡን በትክክል ሠርተዋል። የማይመጣ ነገር ለምን ይጠበቃል?

ትዕግሥት የበለጸገ አገር ልጅ ስጦታ አለመሆኑንም እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ተመሳሳይ ፈተና ከካሜሩን ንሶ ብሔረሰብ የአራት ዓመት ሕፃናት 70 ከመቶ ያህሉ እስከ መጨረሻ ሲጠብቁ፣ ከጀርመን ልጆች ይህን ያደረጉት 30 ከመቶ አልሞሉም። ከንሶ ልጆች መካከል ሲጠብቁ እንቅልፍ የወሰዳቸውም ነበሩ። አጥኚዎቹ ልዩነቱን ከአስተዳደግ ጋር አያይዘውታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ክልከላው ካልቀረ አስቀድሞ መናገር፤ ገበያ ሳይደርሱ «ዛሬ ጨው ብቻ እንገዛለን» ማለት። ሲያዝን ስሜቱን በሚያውቀው ቃል መጥራት፤ ቤት ውስጥ አዊኛ የሚነገር ከሆነ በአዊኛ፣ ምክንያቱም ልብ የሚደርሰው የቤቱ ቋንቋ ነውና። ጥበቃውንም የሚታይ ማድረግ ነው። «ከግማሽ ሰዓት በኋላ» ለአራት ዓመት ልጅ ትርጉም የለውም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ግን ዓይኑ ሥር የሚሄድ ሰዓት ነው፤ «በረካው ሲቀዳ እንወጣለን» ከተባለ በየሲኒው ይቆጥራል። በረካው ሲቀዳ ግን መውጣት ግድ ነው። ራሱን የሚጎዳ፣ በየጊዜው ለረዥም ሰዓት የማይበርድለት ወይም ዕድሜው ለትምህርት ቤት ደርሶም ያልተወው ልጅ ካለ ለጤና ባለሙያ ማሳየት ይገባል።

ወደ ጫማው እንመለስ። ያን ማለዳ በሩ ላይ ቁጭ ብለን «ዋሽተንሃል፤ ፈረሶቹ ትናንት ሄደዋል» አልነው። አለቀሰ፤ እኛም ዝም ብለን ከአጠገቡ ቆየን። በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ በከሰል መሥመሮች ሠራንለትና በየማታው አንድ እያጠፋ ቆጠረ። ጥር 23 ቀን በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍረን እንጅባራ ገባን። ፈረሶቹን ጠግቦ አየ ብንል ደስ ባለን፤ አልጠገበም። ወደ ዳንግላ እንመለስ ባልነው ጊዜ ሜዳው መሐል በሕዝቡ ፊት ተዘረረ። ሰዓታችንን አየን፦ አራት ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ እጁን ዘረጋልንና አቀፍነው፤ ሚኒባሱ ውስጥ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ነጩ ፈረስ ስሙ ማን እንደሆነ ሲጠይቀን ቆየ።