ካርዱ የማይጽፈው ውጤት

ሐምሌ ላይ በፎገራዋ ቀበሌ በቁሐር ሚካኤል ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሩዝ ሲያርም ይውላል። ጉልበቱን ያመመው ገበሬ ጤና ጣቢያ ደርሶ ሲመለስ ካርዱ ላይ ክብደቱ፣ የደም ግፊቱና የታዘዘለት መድኃኒት ይሰፍራል። ማሳው ውስጥ መጎንበስ ቻለ አልቻለ ግን አይጻፍም። እሱን የሚያውቀው ታማሚው ብቻ ነው። ማንም ሳይተረጉምለት ከአንደበቱ የሚሰበሰበው የጤና ሁኔታ ለምርምር መለኪያ ሲሆን ታማሚው ራሱ የተናገረው ውጤት ይባላል።

«ወሬ ነው» የሚል ካለ የምሥራቅ ጎጃሙን የዝሆኔ ጥናት ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ይህ ሙከራ 696 ታማሚዎችን አካቷል። ግማሽ ያህሉ እግራቸውን በሳሙና እየታጠቡ፣ ቅባት እየተቀቡ፣ ካልሲና ጫማ እያደረጉ ሰነበቱ፤ ሌሎቹ ተራቸውን ጠበቁ። ዋናው መለኪያ እግሩ በድንገት ተቆጥቶ ሰውየውን በትኩሳት የሚጥለው ሕመም በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነበር፤ ታማሚዎቹም በማስታወሻ ይይዙት ነበር። እንክብካቤ ያገኙት በዓመት በአማካይ 19.4፣ ያላገኙት 23.9 ጊዜ ታመሙ። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ማለት ነው! ለዚህ ሁሉ ጤና ጣቢያ የሚመላለስ ገበሬ የለም፤ መዝገብ ብቻ ቢታይ አብዛኛው ሕመም እንዳልነበረ ይቆጠር ነበር።

የምሥራቅ ጎጃሙ ጥናት ሙከራ ነበር። በጤና ጣቢያ የዘወትር አገልግሎት መሐል በሚደረግ ጥናት ግን አጠያየቁ ይበልጥ ይከብዳል። አንድን የፎገራ ሽማግሌ «እንዴት ሰነበቱ?» ቢሏቸው ጉልበታቸው እየቆረጠማቸውም «እግዜር ይመስገን» ይላሉ። ጠያቂው መድኃኒቱን የሰጣቸው ነርስ ከሆነማ ላለማስቀየም «ተሽሎኛል» ይጨምሩበታል። ስለዚህ ሌላ ሰው፣ በጠባብ ጥያቄ ይጠይቃቸው፦ «ዛሬ ከቤት እስከ ማሳ ሳያርፉ ሄደዋል?» ኢኪው-ፋይቭ-ዲ የተባለው ዓለም አቀፍ መጠይቅ የሚጠይቀው መንቀሳቀስን፣ ራስን መንከባከብን፣ የዘወትር ሥራን፣ ሕመምንና ጭንቀትን ነው፤ ሁሉም ስለ ዛሬ። መልሶቹን ወደ አንድ ቁጥር የሚለውጥ፣ በኢትዮጵያውያን ምርጫ የተሠራ ሠንጠረዥም አለው።

እዚህ ላይ ወቅት ጣልቃ ይገባል። የሐምሌ የዘወትር ሥራ አረም ነው፤ የጥር ግን ሌላ ነው። በሐምሌ የተጠየቀ ሰው በጥር «አሁን ሥራዬ አያስቸግረኝም» ቢል፣ የወቅቱን ውለታ ለመድኃኒቱ እንሰጣለን። ሁሉም በአንድ ወቅት ቢጠየቁ፣ ወይም ሌላ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች በዚያው ሰሞን አብረው ቢጠየቁ ይሻላል።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ያልመጣው ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ከቀጠሮ የሚቀረው ማን ነው? ሕመሙ የጠናበት ሊሆን ይችላል፤ ድኖ ለቀን ሥራ ወደ ሁመራ የወረደም ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ላይ ሁለቱም ያው ባዶ ሳጥን ናቸው። ጠንቃቃ አጥኚ የቀረበትን ምክንያት ለብቻው ይመዘግባል፣ ሰው ልኮ ቤቱ ድረስ ያስጠይቃል፣ የመጡትን ብቻ አስልቶ «መድኃኒቱ ሠራ» አይልም።